በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል

«እሰይ! ለእሱም ደረሰው!» አሉ እማማ ትርንጎ።

ያለምወርቅ ፊቷን ታጥባ ከጓሮ ስትመለስ ነው ይህን ከአማቷ አፍ የሰማችው። በሩ ላይ ቆመች። የነፍስ አባታቸው ቄስ ይሻው የሳሎኑን ማዕዘናት ጨርሰው መሐል ላይ ቆመዋል፤ ከቢጫው ጀሪካን ወደ ጆግ የተገለበጠውን ጠበል በእፍኛቸው እየዘገኑ ይረጫሉ። ጠበሉ እምነት የሚባለው የቤተ ክርስቲያን አመድ የተበጠበጠበት ስለሆነ ያረፈበትን ሁሉ ግራጫ ነጥብ እያስነካ ይሄዳል፤ መጋረጃውን፣ ሶፋውን፣ የሠርጋቸውን ፎቶ። ጠረጴዛው ላይ፣ ማታ በእጇ ከዘጋችው ቦርሳ ወጥቶ፣ እንደ ታመመ ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ የመንግሥት ታብሌቷ ተኝቷል። ፊቱ ላይ ውሃ ቋጥሯል። ጥግ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ግን በላስቲክ ተሸፍኗል፤ የላስቲኩ ጠርዝም ነፋስ እንዳይገልጠው በጥንቃቄ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

በካህን ፊት ዕቃ መንጠቅ ነውር ነው፤ ጸሎት ማቋረጥ ደግሞ ከነውርም ይብሳል። ስለዚህ ያለምወርቅ አንገቷን ደፍታ ቆመች። በዓይኗ ጥግ ግን አንዲት ጠብታ መስታወቱ ላይ ስትንሸራተት፣ ከጠርዙ ስትደርስ፣ ትንሽ ስታመነታ፣ ከዚያ የቻርጅ ቀዳዳው ውስጥ ጥልቅ ስትል አየች። ሁለተኛዋ ተከተለቻት። እንዲህ የረዘመ «አባታችን ሆይ» በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። መስቀል ተሳልማ፣ ቄስ ይሻውን እስከ ደጅ ሸኝታ፣ ሮጣ ተመልሳ ታብሌቱን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። መስታወቱ አንድ ጊዜ ብልጭ አለ፤ የእናቶችን ስም ዝርዝር አሳየ፤ ስሞቹ ብርድ እንደመታው ሰው ተንቀጠቀጡ፤ ጠፋ።

ያለምወርቅ ከጋፋት ወዲያ ባለች አንዲት ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የቀበሌው ነፍሰ ጡርና አራስ፣ ክትባት የጀመረውም ያቋረጠውም ሕፃን ሁሉ የሚመዘገበው በዚያ ታብሌት ነው። ስትረከበው ሦስት ቦታ ፈርማለች፤ ስታገባ እንኳ የፈረመችው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የንብረት ቆጠራ አለ። እያንዳንዷ ሠራተኛ ታብሌቷን ይዛ ከተማ ወዳለው ጽሕፈት ቤት ትሄዳለች፤ አብርታ ታሳያለች። አምና በዚሁ ቆጠራ ላይ ፈንታነሽ የምትባል የሥራ ባልደረባዋ ጠላ የፈሰሰበት ታብሌት ይዛ ቀረበች። የዋህ ነበረችና እውነቱን ተናገረች። «በቸልተኝነት የደረሰ ጉዳት» ተብሎ ተጻፈና «ለሥራው መቃናት ሲባል» ወንዝ ተሻግሮ ወንዝ ወደሚጠብቅበት ቆላ ተዛወረች። ለሥራው መቃናት ሲባል ተዛውሮ፣ ተቃንቶ የተመለሰ ሰው እስካሁን አልታየም። ባሏም አንድ ክረምት እንኳ ሳይጠብቃት ገሳይ ላይ ሌላ ጎጆ ቀለሰ ይባላል። የያለምወርቅ ባል፣ አገኘሁ፣ ይፋግ ከተማ ያስተምራል፤ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እሷም ቆላ ብትወርድ፣ ያ ትዳር ሳይሆን የሦስት ወረዳ ስብሰባ ሊሆን ነው።

ሩዝ እርጥበት ይመጣል ሲባል ሰምታ ስለነበር ወደ ማድ ቤት ገብታ የፎገራ ሩዝ ያለበትን ጆንያ ፈታች። ታብሌቱን ግማሽ ድረስ እንደቀበረችው እማማ ትርንጎ ከኋላዋ መጡ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ውሃውን እንዲመጥልኝ ነው፣ እማማ።»

«ጠበሉን?»

ያለምወርቅ ሩዙን በመዳፏ ደለደለችው።

«ጠበሉን በሩዝ ልታስመጪው? ኋላስ ሩዙን ምን ልናደርገው ነው? ለእንግዳ ልንቀቅለው?»

ቀስ ብላ አወጣችው። አማቷ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ይህ ነው ችግሩ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ «ከቦርሳው ማን አወጣው?» ብላ ትጮህባቸው ነበር። «ቴሌቪዥኑን ለምን ሸፈኑት?» የምትለዋ ጥያቄ ጉሮሮዋ ድረስ መጣች፤ ዋጠቻት። እማማ ትርንጎም የሚሉት ነገር ያላቸው ይመስል አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ሁለቱ ሴቶች ጆንያውን በየበኩላቸው ጫፍ ይዘው አሰሩት። በዚያች ቤት ብዙ ነገር የሚታሰረው እንደዚህ ነው።

ከአጥሩ ውጭ ቆማ ለአገኘሁ ደወለች።

«ምን ነካው?» አለ።

«ጠበል።»

ከስልኩ ውስጥ የተማሪ ጫጫታ ይሰማል። «ማን አወጣው?» አለ አገኘሁ።

«እኔ ምኑን አውቄ።»

«በይ ስሚ። ውሃ ነው በያቸው። ጠበል እንዳትዪ። ጠበል አበላሸው ካልሽ እናቴ ይህን ክረምት አትሻገርም።»

«የምን ውሃ ቢሉኝስ?»

«ዝናብ ነዋ!»

«በየካቲት?»

አገኘሁ አሳለው። ደወል ተደወለ፣ ተማሪዎቹ ገቡ ብሎ ዘጋ። ያለምወርቅ ቀና ብላ አየች። ሐምሌ ቢሆን ኖሮ ደብረ ታቦር ላይ የማይታመን የዝናብ ታሪክ የለም፤ ሰማዩ ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆምላት ነበር። አሁን ግን ከጉና ወዲህ አንዲት ደመና የለችም። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቷል፤ ለአንዲት ትንሽ ውሸት እንኳ መተባበር አልፈለገም።

ከመናኸሪያው በታች፣ ከኮንቴይነር በተቆረጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ እሸቴ ሞባይል ይጠግናል። ግድግዳው በገመድና በተገነጠለ የስልክ ጀርባ ተሸፍኗል፤ ከጣሪያው በሽቦ የተንጠለጠለ አምፖል በሩ በተከፈተ ቁጥር ይወዛወዛል። «ለሚጠፋ መረጃ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ወረቀት ከአንድ የመልአክ ሥዕል ሥር ተለጥፏል። እሸቴ ታብሌቱን ተቀበላት፤ በመጀመሪያ ያየው ግን ጀርባው ላይ የተለጠፈውን የመሥሪያ ቤቱን ቁጥርና ከጎኑ መገጣጠሚያው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ማሸጊያ ነው። «ያለ ፈቃድ ከከፈቱ በኃላፊነት ያስጠይቃል» ትላለች።

«ወድቆ ነው?»

«ውሃ ነክቶት።»

የማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቀዳዳውን አየው። ደግሞ አየው። «እህቴ፣ ይሄ ውሃ አይደለም። ጭቃ አለበት። ቡና ነው? አጥሚት ነው? ሐኪም ፊት አይዋሽም።»

ይህችን ንግግር ያለምወርቅ ራሷ በየጎጆው ለእናቶች ስትናገራት ነው የምትውለው። ስትሰማት እንዲህ ታስፈራለች ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ግራና ቀኝ አይታ «ጠበል ነው» አለች።

«ምን?»

«ጠበል! እምነት ያለበት።»

እሸቴ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው ሁለት እጁን አነሣ። «ቆይ፣ ቆይ። እኔ ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁ።»

«እና?»

«እናማ በልቼ ጠበል ልነካ? የማን ነው?»

«የሚካኤል።»

«ሚካኤልን? በፉል ሆዴ?» አማተበ። ከልቡ ይሁን ከማሸጊያዋ ፍርሃት ለመለየት ያስቸግራል፤ ምናልባት እሱም አልለየውም። «ነገ በጠዋት ምንም ሳልቀምስ እከፍትልሻለሁ።»

«ቆጠራው እኮ ዛሬ ነው!»

እሸቴ ጭንቅላቱን አከከ። ባህር ዳር ቢላክ በማንኛውም ሆድ የሚከፍቱ አሉ፤ ግን ሄዶ እስኪመለስ ፋሲካ ያልፋል። ወደ አከፋፋዩ ቢላክ ደግሞ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ነው የሚሄደው፤ ለጽሕፈት ቤቱ ነግሮ ከጽሕፈት ቤቱ መደበቅ አይቻልም። ይህን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገና ከጠረጴዛው ሥር አንድ ታብሌት አወጣ። መልኩም ቁመቱም ያው ነው፤ ጥጉ ላይ ብቻ ትንሽ ተፍቋል።

«ሃያ ሁለት ሺህ፤ ላንቺ ሃያ። ቁጥሩን በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ እናደርግና ቀስ ብለን ልጠን እዚህ እንለጥፈዋለን። ማን ያውቃል?»

«ሌብነት አይሆንም?»

«ሌብነት መውሰድ ነው፣ እህቴ። አንቺ እኮ እየሰጠሽ ነው!»

ያለምወርቅ ተቀብላ አበራችው። ኬክ ፊቷ ላይ የተለቀለቀች የማታውቃት ሕፃን ፎቶ ብቅ ብላ ሳቀችባት። ሕፃኗ የአንዲት ቤት ልጅ ናት፤ የዚያች ቤት ታብሌት እዚህ እንዴት እንደመጣ እግዜርና እሸቴ ያውቃሉ። ፈንታነሽ ሻንጣዋን በአህያ አስጭና ቁልቁለቱን ስትወርድ ታየቻት፤ ፈንታነሽ ግን የወረደችው በጠላ ብቻ ነው፣ በሌብነት የሚወርዱት እስከ የት እንደሆነ አታውቅም። መልሳ ሰጠችው።

«መድፍ በቀለጠበት አገር ይቺን ቅጠል የምታክል ነገር መክፈት አቅቶን ቀረ» አለ እሸቴ፣ በራሱም በአገሩም እያሾፈ። ከዚያ ግን ፊቱ ጠቆረ። «አንድ ነገር አደራ። ውስጡ ሳይጸዳ እንዳታበሪው። ቁልፉን እንዳትነኪው። እርጥቡን ከበራ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ የኔ ጾምም አይመልሰው።»

የጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር የክትባት ቀን መስሏል። ሴቶቹ እንደ ሕፃን ያቀፉትን ታብሌት ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ጨርቁን ገለጥ አድርገው እያዩ፣ መልሰው እየሸፈኑ ተሰልፈዋል። ቅጹን የሚሞሉት የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ባንተአምላክ ናቸው። አንድ ቃል ብቻ ይናገራሉ፦ «አብሪው።» ሲበራ «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብለው ይጽፉና ማኅተማቸውን ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ይመታሉ። ከያለምወርቅ ፊት የነበረችው ሴት መስታወቱ የተሰነጠቀ ይዛ ቀረበች። ወደቀብኝ አለች። አቶ ባንተአምላክ ምንም ሳይቆጡ፣ እንዲያውም በሚያሳዝን ትሕትና «ቸልተኝነት» ብለው ጻፉላት። ሴትዮዋ ስትወጣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነበር።

«አብሪው።»

ያለምወርቅ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቁልፉ ከጣቷ የአንድ ስንዴ ፍሬ ያህል ርቋል። ብትጫነው ይቃጠላል፤ ባትጫነው ትቃጠላለች።

«አይበራም» አለች።

«ምን አግኝቶት?»

«ውሃ… ነክቶት።»

«የምን ውሃ? ዝናብ እንዳትዪኝ ብቻ። እንኳን ዝናብ ጤዛም የለ።» ብዕራቸውን አነሡ። ያለምወርቅ ስትታጠብ ከእጇ ላይ ተንጠባጥቦ ነው ልትል ቆርጣለች፤ ጥፋቱን ጠቅልላ ልትወስድ። አቶ ባንተአምላክ ግን ሳይጠብቋት «ቸ» ብለው ጀመሩ።

«ውሃ አይደለም!»

ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ። እማማ ትርንጎ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ እየቃተቱ ገቡ። ከኋላቸው ቄስ ይሻው ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ይከተላሉ።

«ጠበል ነው! ልጄን በውሃ አትክሰሱብኝ!»

አቶ ባንተአምላክ ብድግ አሉ። ደብረ ታቦር ሰፊ ብትመስልም የከተማዋ ኃጢአት በጥቂት ጆሮዎች ነው የሚያልፈው፤ ቄስ ይሻው የአቶ ባንተአምላክም ነፍስ አባት ናቸው። ካህኑ በዚያ በረጋ ዓይናቸው ሲያዩዋቸው፣ አቶ ባንተአምላክ ለማንም ያልነገሩትንና ለአንድ ሰው ብቻ የነገሩትን ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስታወሱ መሰሉ። መስቀል ተሳለሙ። ወንበር አቀረቡ። በመዳፋቸው «ቸ»ን ሸፈኗት።

«አባ… ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንዲያው ለቅጹ ያህል ነው፤ ጠበል ዕቃ ያበላሻል?»

«ጠበል?» አሉ ቄስ ይሻው። «ለምጽ ያነጻል፣ ጋኔን ያወጣል፤ የቄሣርን ዕቃ ያበላሻል ብለህ ልትጽፍ ነው፣ ባንተአምላክ?»

«ኧረ እኔ አልጻፍኩም!»

«በመዳፍህ የሸፈንከውስ?»

አቶ ባንተአምላክ «ቸ»ን ሰረዟት። ሁለት ጊዜ ሰረዟት። ታብሌቱን አዩ፤ ታብሌቱ ጥቁር ፊቱን መልሶ አሳያቸው። ሃያ ዓመት በንብረት ክፍል ሲሠሩ እንዲህ ያለ ችግር አልገጠማቸውም። ጥፋተኛ የሌለው ጉዳት ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ፊታቸው ቀስ በቀስ በራ።

«እንግዲህ ካላበላሸው አልተበላሸም ማለት ነው» አሉና «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብለው ጻፉ። ማኅተሙ ወረደ። «ፈርሚ።»

ፈረመች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ግን ቆመች።

«ጌታዬ፣ ታዲያ ይጠገን ቢባልስ?»

«ደህና ዕቃ አይጠገንም።»

«ወይ ቢተካ…»

«ደህና ዕቃ አይተካም። ቀጣይ!»

ደጅ ስትወጣ ገባት። ሞቶ ገነት የገባ አለ፤ የእሷ ታብሌት ግን ሞቶ ሥራ ገበታው ላይ ነው። ከነገ ጀምሮ በዚህ ጥቁር ሰሌዳ እናቶችን ልትመዘግብ ነው። በሚቀጥለው ቆጠራ ሳይበራ ሲቀር ደግሞ ዛሬ ደህና እንደነበር በማኅተም ተረጋግጧል፤ ያበላሸችው ከዛሬ በኋላ እሷ ናት። የፈንታነሽ መንገድ ትንሽ ዞር አለ እንጂ አልቀረም።

ቄስ ይሻው ወደ ቤተ ክርስቲያን ታጠፉ። ሁለቱ ሴቶች ቁልቁል ሄዱ። ባጃጅ አለፋቸው፤ ጭድ የጫኑ አህዮች አለፏቸው። እማማ ትርንጎ ድንጋይ መታቸውና ተደነቃቀፉ። ያለምወርቅ ክንዳቸውን ስትይዘው ይንቀጠቀጣል።

«ቁርስ አልበሉም እንዴ?»

«አልበላሁም።»

«ሐሙስ እኮ ነው። ምን ጾም አለ?»

እማማ ትርንጎ ጥቂት ሄዱ። «ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ፣ መንገዱን እያዩ። «ሌሊት በእንቅልፍሽ ቆጠራ ቆጠራ ስትዪ ሰማሁሽ። ያቺ ፈንታነሽ ትዝ አለችኝ። ሳይሰበር ይኑርላት፣ እሱንም ይባርኩት ብዬ… ጠፍቶ ሳየው ጊዜ እህሉ አልወርድ አለኝ። እስኪበራ አልቀምስም ብዬ ተሳልኩ።»

«ቴሌቪዥኑን ግን ሸፍነውታል፣ እማማ።» ቀኑን ሙሉ የዋጠቻት ጥያቄ ሳታስበው አመለጠቻት።

አማቷ ቆሙ። «ቴሌቪዥኑ ቢበላሽ ማን ከኔ ይወስድሻል?» አሉ።

ትንሽ እንደሄዱ እማማ ትርንጎ ለራሳቸው ያህል «እንግዲህ ያ ነገር ከሞተ የገደለው ወይ እኔ ነኝ ወይ ሚካኤል ነው። የቱን ብዬ ልተኛ?» አሉ። ያለምወርቅ ድንገት ክንዳቸውን ጠበቅ አደረገች።

«ከጠዋት ጀምሮ ውሃም አልቀመሱ?»

«ምራቄን እንኳ በመከራ ነው የዋጥኩት።»

እጃቸውን ይዛ ወደ መናኸሪያው ዞረች።

እሸቴ ወንበሩን ለቆ በሩ ላይ ቆመ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በአገጩ ያመላክታል። እማማ ትርንጎ የማጉያ መነጽሩን አጥልቀው ታብሌቱ ላይ አጎነበሱ። ያለ መነጽር የቅርቡ ሁሉ ጉም ነው የሚሆንባቸው። «እዚያ ጋ፣ እናቴ… በቀስታ… እንቁላል እንደሚልጡ… ኧረ በቀስታ!» «ዝም በል፣ ስንት ቁና ምስር ለቅሜያለሁ!» ማሸጊያዋ ጠጥ ብላ ተቀደደች። ያለምወርቅ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ አማቷ በጥጥ እየነከሩ ግራጫውን ጭቃ ከየስንጥቁ ይጠርጋሉ። እሸቴ ጥጡን ወደ ቆሻሻ ሊጥል ቃጣውና ደነገጠ፤ ወረቀት አቀበላቸው፤ እማማ ትርንጎ ጠቅልለው የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ከዚያ እሸቴ ከሩቅ አጎንብሶ ውስጡን አየ። አንድ ቦታ ላይ ጠዋት ብልጭ ሲል የተቃጠለ ቡናማ ነጥብ አለ። ለያለምወርቅ ብቻ፣ በጣም በትንሹ፣ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

በፀጉር ማድረቂያ አደረቁት፤ ክዳኑን ገጠሙት። እማማ ትርንጎ መነጽሩን አወለቁና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ተቀመጡ።

«በይ ሞክሪው» አለ እሸቴ፣ ወደ ውጭ እያየ።

ያለምወርቅ ተጫነችው። ጠበቀች። አጥብቃ ተጫነችው።

«በራ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት አማቷን አየቻቸው። የደረቀውን ከንፈር፣ የነጠላውን ቋጠሮ የጨበጡትን ጣቶች አየች።

«በራ፣ እማማ።»

እሸቴ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

«እስቲ ላየው።»

ያለምወርቅ ታብሌቱን ወደ እሳቸው ዘንበል አደረገች። በጥቁሩ መስታወት ላይ የእሸቴ አምፖል ትንሽ፣ ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል።

«አዎ!» አሉ እማማ ትርንጎ። «አዎ፣ ታየኝ! ጠበል ያበላሻል እንዴ!» ትንፋሻቸውን እንደ ጭነት አወረዱት። «እንግዲህ ዳቦ ቢጤ አታጣም፣ ልጄ እሸቴ?»

እሸቴ ዳቦ ፍለጋ እየሮጠ ወጣ። ያለምወርቅ ታብሌቱን ልትመልስ ቦርሳዋን ከፈተች። ከመክተቷ በፊት ግን፣ አማቷ እያዩአት ነበርና፣ መብራቱን እንደምታጠፋ ሰው ቁልፉን አንድ ጊዜ ተጫነችው።